በመነጽር ስለተጎበኘው የአባቴ እንቅልፍ

ለተከበሩ የከተማችን ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይብዛልዎ፤ ገና ብዙ የምንወቃቀስበት ጉዳይ ስላለን ያስፈልግዎታል።

በቅድሚያ፣ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ጥንታዊውን ሰፈራችንን የተቀረጸ ምስል በሚያሳይ መነጽር እንዲጎበኝ ስላደረጉ አመሰግንዎታለሁ። አቧራ የለ፣ ድካም የለ፣ የቤቱን ባለቤት ቤቶች ብሎ መጣራት እንኳ የለ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፦

፩. ባለካሜራዎ በራችንን ገርበብ ብሎ ቢያገኘው ዘው ብሎ ገብቶ፣ አባቴ በረንዳ ላይ በካናቴራና በውስጥ ሱሪ አፋቸውን ከፍተው እንደተኙ ቀርጿቸዋል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ከተማ ሲያለብሱ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ውለታቸውን ስለመለሱላቸው እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ጸጉር አስተካካዩ ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች «ጋሽ ሽልብታ መጡ» ሲሉ አባቴ በጆሯቸው ሰሙ። ጸጉራቸውን ሳይቆረጡ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ መውጣት ትተው፣ ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ ነበር። ምሳ ሳቀርብላቸው እንኳ ቀና ብለው አያዩኝም ነበር።

፫. ምስሉን እንዲያጠፉልን ልለምንዎ ብመጣ፣ ፈገግ ብለው «እህቴ፣ ደንበኞቻችን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እኮ እሳቸውን ነው፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል» አሉኝ። ደስታውን ለብቻችን መያዝ ነውር መስሎ ታየኝ።

ባለፈው ሳምንት ደንበኞችዎ በመነጽር ማየቱ አልበቃ ብሏቸው፣ የሚተኙትን አዛውንት በአካል እንይ ብለው በራችንን አንኳኩ። እኔም በትሕትና፣ አባቴ ከመተኛቱ ሥራ ጡረታ መውጣታቸውንና ሥራውን እርስዎ መረከብዎን አስረድቼ፣ ከምሳ በኋላ ሳያንኳኩ እንዲገቡ መክሬ ወደ ቢሮዎ ሸኘኋቸው።

ጫማዎን አውልቀው፣ ክራባትዎ ጀርባዎ ላይ ዞሮ፣ ሶፋው ላይ ሲያንኮራፉ ጎብኚዎቹ የቀረጹት ቪዲዮ ስልክ ላለው ሁሉ ደርሷል። እርስዎም በማግሥቱ የአባቴን ምስል ከመነጽሩ አስጠፍተዋል፤ ለካስ ይቻል ኖሯል።

አባቴ የእርስዎን ቪዲዮ አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያም ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው በረንዳ ወጡ። አውራ ጣትዎ የሾለከበትን ካልሲ ቢልኩላቸው በነጻ ሊጥፉልዎ ፈቃደኛ ናቸው።

ለክብርዎ በሚመጥን ትጋት የምከታተልዎ፣
የልብስ ሰፊው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ጎብኚዎቹ እርስዎ ቅዳሜም ይኖሩ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ቅዳሜ ቢሮ እንደማይገቡ ነግሬ፣ ወደ ቤትዎ የሚወስደውን መንገድ አሳይቻቸዋለሁ።