በጭብጨባ መሃል የወሰድከኝ ቀን

ውዴ ደምለው፣ አካሌ፣

አርባህ ትናንት ወጣ። እኔ ግን እስካሁን አላመንኩም። ጠዋት በሬዎችህን ጠምደህ በደህና ወጣህ፤ ረፋድ ላይ “እርፉን እንደያዘ ወደቀ” ብለው ጠሩኝ። ሮጬ ስደርስ ፊትህ ገና ይሞቅ ነበር። ገንዘው ሲያወጡህ “ቆዩ፣ ይመለሳል!” ብዬ ጮህኩ። ሰው አበደች አለ። አንድ ጊዜ ሞተ ተብሎ የተመለሰ ባል ያላት ሴት እንዴት ትመን?

የምትጽፍልኝ ልጃችን ውብዓለም ናት። እዚህ ስንደርስ ብዕሯን አቁማ “እማ፣ መቼ ነው የሞተው ደግሞ?” አለችኝ። ነግረናት አናውቅምና እያጫወትኩህ ትስማ።

ጣሊያን ሲመጣ ዘመትክ። አብሮህ የዘመተው ጎረቤታችን ብቻውን ተመልሶ “ሲወድቅ በዓይኔ አየሁት” አለ። ከል ለበስኩ፤ ተዝካርህን አወጣሁ። ቆይቶ አባቴ ለጅጋ ከተማው ነጋዴ ለዘለቀ ሊድረኝ ቃል ሰጠ። እያለቀስኩ እሺ አልኩ።

ለሠርጉ ልሸምት ቡሬ ገበያ የሄድኩ ዕለት ጣሊያኖቹ ለወታደሮቻቸው ሰርከስ አምጥተው ኖሯል። በካሚዮን ከከተማ ከተማ የሚዞር ጨዋታ ነው፤ ገበያተኛውም ከበበ። አንዲት ነጭ ሴት በገመድ ላይ ሄደች። ቀጥሎ አንድ ሰው በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ገባ። ቀይ ልብስ አልብሰው ፊቱን ኖራ ቀብተውታል። አቋቋምህን ግን እንዴት ልሳተው? “ደምለው!” ብዬ የጮህኩት እኔ መሆኔን እንኳ አላወቅሁም።

ዞር ስትል ልትወድቅ ምንም አልቀረህም። ለካ አንተን ማርከው ፈረሶቻቸውን እንድትጠብቅና እንድትጋልብላቸው ካስቀሩህ በኋላ “መንደርህ ተቃጥሏል፣ ሚስትህም ቤቱ ውስጥ ሞታለች” ብለውህ ነበር። ፈረሱን ወደ እኔ ነድተህ ወገቤን ይዘህ ፈረሱ ላይ አወጣኸኝ።

“ሰው ነህ? በማርያም፣ ሰው ነህ?” አልኩህ።

“ያዢኝ ብቻ፣ እንዳትወድቂ!” አልከኝ።

ጣሊያኖቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው እየሳቁ አጨበጨቡ። ነገሩ ሲገባቸው እኛ ወንዝ ተሻግረን ሰከላ ወዳሉት አርበኞች እየጋለብን ነበር። እጄ ከደረትህ አልላቀቅ ብሎ አርበኞቹ ጎትተው አወረዱኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርህ። ዘለቀ ለልቅሶህ መጣ። አርጅቶ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አጠገቤ ተቀምጦ በቀስታ፣ “ያን ቀን እኔም ቡሬ ነበርኩ። ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ፤ አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ሻሽሽ ሲወድቅ ነው” አለኝ። “ኋላ ጣሊያኖቹ ገበያተኛውን እየያዙ ‘የማን ልጅ ናት?’ ሲሉ እኔንም ገረፉኝ። አላውቃትም አልኳቸው” አለ። ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ አብሮት የመጣው ልጁ አሳየኝ። የአባቴ ቤት ሳይቃጠል የቀረው በእሱ ዝምታ ነበር፣ ደምለው! እኛ ግን ለዓመታት ቂም ይዞብናል ብለን ከሰላምታው ስንሸሽ ኖርን። ይህን ሳትሰማ መሄድህ ያንገበግበኛል።

ማሳህን ጎረቤቶች በደቦ አርሰው ጨርሰውልናል። ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጭር ብሎብኛል። ውብዓለም እንባዋን እየጠረገች ነው የምትጽፈው። አልረሳህም፣ አካሌ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቡሬ ወስጄ ሜዳውን አሳያታለሁ። አባትሽ ከሙታን ተነስቶ የወሰደኝ እዚህ ነው እላታለሁ።

ያንተዋ ጥሩነሽ