የማርከስ ትከሻ

ሰኞ

ቢኒ ለምን እንዳመሰገነኝ አልገባኝም። ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ ደውሎ «እህቴ፣ አንቺ ወርቅ ነሽ!» አለና ዘጋው። የባለቤቴ የዳዊት የአጎት ልጅ ነው። ትናንት እኛ ቤት ምሳ በላ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ አወራሁ። ሌላ ምንም አላደረግኩለትም።

ምን አወራሁ? ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ባለ ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ነኝ። ወሬዬ ሁሉ ማን አነከሰ፣ ማን ዳነ ነው። ግብ ጠባቂያችን ማርከስ ትከሻውን ስለተጎዳ ቅዳሜ አይሰለፍም አልኩት። አሰልጣኙ ወሬው ከክለቡ እንዳይወጣ ብሎን ነበር። ግን ቢኒ ቤተሰብ ነው፤ ደግሞ ኳስ የሚወድ።



ማክሰኞ

ቢኒ ሥራ ላድርስሽ ብሎ መጣ። መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። አልደበቀኝም፤ ደስ እያለው አስረዳኝ።

ውርርድ ነው። ግን ከድርጅት ጋር አይደለም፣ ሰው ከሰው ጋር ነው። አንዱ ይሸነፋሉ ይላል፣ ሌላው የለም ያሸንፋሉ ብሎ ይገጥመዋል፤ ኦንላይን ያለ የውርርድ ገበያ መሃል ሆኖ ያገናኛቸዋል። እዚህ ኦንታሪዮ እሱ የሚፈልገው ገበያ አይሠራም። አሜሪካ ደግሞ እንደ ስቴቱ ነው፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ድንበሩን ስትሻገሪ ጎረቤቱ ይከለክላል። የሚፈቅድ ስቴት ውስጥ የሚኖር ጓደኛ አለው። ጓደኛው በራሱ ስም ውርርዱን ያስገባለታል።

«እኛ ክለብሽ ቅዳሜ ይሸነፋል ብለናል» አለኝ።

«እኛ ማን ነን?»

ሬዲዮውን ከፈተ፤ እኔ ዘጋሁት።

«እንደኛ ባለ ትንሽ ሊግ ላይ ማን ይወራረዳል?»

«ትንሽ ሲሆን ነው ጥሩው። የሚያውቅ የለማ! አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።»

ማርከስን ሳሸው «እጅሽ በረዶ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ረቡዕ

ጥሩ ነገር። ማርከስ እጁን ሽቅብ አነሳ፣ ምንም አላመመውም። ኳስ ወረወርንለት፣ ያዘ። ቅዳሜ ከአንድ ትልቅ ክለብ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። እናቱ ኤግሊንተን ዌስት የሚባል መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አላት፤ መንገዱ ሲቆፈር ደንበኛ ሸሽቷት ሳለ እንኳ ልምምድ አስቀርታው አታውቅም። ልጁ ይቺን ቀን ስንት ዓመት ጠብቋታል። ትንሽ ክለብ ስለሆንን ዓርብ አሰልጣኙ «ይችላል?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ይችላል።

መጥፎ ነገር። ምሳ ሰዓት ላይ ከማላውቀው የአሜሪካ ቁጥር ተደወለ። አማርኛው የአዲስ አበባ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ።

«ሄለን፣ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ልጁ ተሽሎታል ሲሉ ሰማን።»

ማን ነህ አልኩት።

«የቢኒ ጓደኛ ነኝ። ትከሻ ቶሎ አይድንም አይደል? አንቺ ባለሙያ ነሽ። ትንሽ ይረፍ በይ። ይኸው ነው።» ቀጥሎ፣ «ዳዊትስ? ኤርፖርቱ ጋ ያለው መጋዘን የሌሊት ሺፍቱ ከባድ ነው መቼም» አለኝ።

ዳዊት የት እንደሚሠራ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ለዳዊት ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ የባሰውን ተናገረ።

«ሄሉ፣ እዚህ አገር ስመጣ ቢኒ አልጋውን ለቆልኝ መሬት ላይ ተኝቷል። አሁን ፖሊስ ልጥራበት?»

«ፖሊስ አላልኩም።»

«እንግዲያው አንድ ቅዳሜ ልጁ ቢያርፍ ምን ይሆናል?»

ትዳር ከያዝን ወዲህ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን የእሱ ፍርሃት ይበልጥ አስፈራኝ።

ለቢኒ ደወልኩ። «ስቴቱ ይፈቅዳል ስትለኝ አልነበር?» አልኩት።

«ውርርዱን ነዋ የሚፈቅደው። ይሄንንማ ማን ይፈቅዳል? እነሱ የኔ ጓደኞች አይደሉም፣ ሄሉ። መስሎኝ ነው። ልጁ ከተሰለፈ ገንዘባችንን ብለው እኔን ነው የሚይዙኝ።»

አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ

አሰልጣኙ ጠየቀኝ። ማርከስ የሕክምና አልጋው ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ይችላል» አልኩ።

ማርከስ እየጮኸ ወጣ። እኔ አልወጣሁም። በሩን ዘግቼ ለአሰልጣኙ ሁሉንም ነገርኩት፤ ምሳውን፣ ስልኩን፣ ሰውዬው ያለውን፣ ቢኒንም ጭምር። እንግሊዝኛዬ ተሳከረ፤ ሽማግሌው አሰልጣኝ ግን አላቋረጠኝም።

«ለሊጉ ማሳወቅ አለብኝ፣ ፖሊስም መስማቱ አይቀርም» አለኝ። «ነገ ከቡድኑ ጋር አትቀመጪም። ሰኞም መምጣትሽን አላውቅም።» በሩ ላይ ስደርስ፣ «ሳትነግሪኝ ልትቀሪ ትችይ ነበር» አለኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም።

ዳዊት ሲሰማ ራት ሳይበላ ወጣ።

ቅዳሜ

ከአጥሩ ውጪ ከተመልካቹ ጋር ቆሜ አየሁ። ማርከስ በተጎዳው እጁ በኩል የመጣች ኳስ ተወርውሮ ሲያወጣ እናቱ ከጎኔ ቆማ ጮኸች፤ አቀፈችኝ። ሳምንቱን የሆነውን አታውቅም። አሸነፍን።

ቢኒ ከሜዳው ማዶ ነበር። አጠገቡ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ሰውዬው ጨዋታውን አያይም፣ ወደ እኔ ነው የሚያየው። ጎል ሲገባ እንኳ አልዞረም።

ከዚያ ዳዊት መጣ። ከሌሊት ሺፍቱ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ነው፣ የሥራ ልብሱን አላወለቀም። ይቅርታ አላለኝም፤ እጄን ያዘ። ከማዶ አንድ ሰው እያየኝ ነው አልኩት። «የቱ ነው?» አለኝ።

ባገጬ አሳየሁት። ቢኒ ብቻውን ቆሟል። ሰውዬው የለም።

ዳዊት ቢኒን ጠርቶ ወደ ቤት ይዘነው መጣን፤ አሁን ሁለቱ ሳሎን ቁጭ ብለዋል። ቢኒ ነገ ለፖሊስ እናገራለሁ ብሏል። ከመጣን ወዲህ መንገዱ ዳር አንዲት መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች። የጎረቤት እንግዳ ልትሆን ትችላለች። መጋረጃውን ዘግቻለሁ።