የዶክትሬት ፕሮግራማችን ታሪክ

ጥቅምት 12
ጠዋት ኮስት አካውንቲንግ አስተማርሁ። ከሰዓት የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ዶክተር ደሞዝ ጠሩኝ። የአካውንቲንግ ዶክትሬት ፕሮግራማችን አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዓል ይከበራል፣ መጽሔትም ይታተማል።
«ታሪኩን አንቺ ጻፊው የብርጓል፤ ከመነሻው ነበርሽ።»
ነበርሁ። አሁንም ተማሪ ነኝ... ከመጀመሪያው ዙር ሳልጨርስ የቀረሁ።

ጥቅምት 15
የድሮውን ካርቶን ከፈትሁ። የካሪኩለሙ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ከግማሽ በላይ የባልደረባዬ የነስረዲን የእጅ ጽሑፍ። ሁለት ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጠን ጻፍነው። ፕሮፌሰር የላችሁም ተብሎ ሁለቴ ሲመለስ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አማካሪዎች ለምኖ ያመጣው እሱ ነው። ከዚያ አምስት ሆነን ተመዘገብን። የሱ አማካሪ ውጭ አገር ሄደው ቀሩ። ሌላ አልተመደበለትም። ጊዜህ አልፏል ብለው አሰናበቱት። አሁን ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ከወንድሙ ጋር ጀልባ ይሠራል።
ሁሉንም ጻፍሁት።

ጥቅምት 21
ዶክተር ደሞዝ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ።
«ነስረዲን እዚህ ምን ይሠራል? አልጨረሰም እኮ።»
«ፕሮግራሙን የጀመረው እሱ ነው።»
«የጀመረው ኮሚቴ ነው። እኔ የመራሁት።»
አንድ ስብሰባ ላይ ነው የተገኙት! አንድ።
ከዚያ ሌላ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ያንቺ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ አላገኘም አይደል? እስቲ እናያለን» አሉ።
ረቂቁን ይዤ ወጣሁ።

ጥቅምት 22
ስሙን ከታሪኩ አወጣሁት።

ኅዳር 9
የዲፌንስ ቀን ተቆረጠልኝ። ሦስት ዓመት የጠፋ ገምጋሚ በአሥራ ስምንት ቀን ተገኘ። እናቴ በስልክ እልል አለች። እኔስ? ደስ ብሎኛል... ውሸታም።

ጥር 17
አለፍሁ። ማታውን ነስረዲን ደወለ። ከማን ሰማ?
«የብርጓል! አንቺ ክፉ፣ እንዴት አትነግሪኝም? ለበዓሉ እመጣለሁ፤ ኡሙልኸይርም ትምጣ፣ የደከምሁበትን ትይልኝ።»
ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። «ኑ» አልሁት።

የካቲት 8
በዓሉ ዛሬ ነበር። ነስረዲን ኮት ለብሶ፣ ከባለቤቱ ከኡሙልኸይር ጋር መጣ። መጽሔቱን በር ላይ ሰጡት። እዚያው ቆሞ ያነብ ጀመር። ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። መጨረሻው ላይ «ጸሐፊ፦ ዶክተር የብርጓል» ይላል።
ኡሙልኸይር «ያንተ የቱ ጋ ነው?» ስትለው ሰማሁ።
መጽሔቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ልሸሽ አሰብሁ፤ የት? ፊቴ ደረሰ። ሲናደድብኝ እንኳ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ ጎንበስ ብሎ፣
«እንኳን ደስ አለዎት፣ ዶክተር» አለኝ።