ቦታውን የለቀቀው ማክሰኞ

ጥቅምት 25
የኮምቦልቻውን ክሊኒክ ድረ ገጽ ጨረስኩ። ሦስት ሐኪሞች፣ ሦስት ሳጥኖች፤ የውስጥ ደዌ፣ ዓይን፣ ጥርስ። በየሳጥኑ ቀኝ ጥግ የሚመጡበት ቀን በቀይ። ቀኖቹን ከገጹ አናት ለክቼ አስቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ታፔላ ስጽፍ የመለኪያ ክሩን የወጠርኩት ከሰሌዳው ጠርዝ ነው። ላፕቶፑ ላይ ዝንፍ የለም።

ኅዳር 4
አረጋሽ ደወለች፤ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ።
«ጋሽ ሞላልኝ፣ ከቦሩ ሜዳ አንድ አዛውንት መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። የዓይን ሐኪሙ ግን ማክሰኞ መጥተው ሄደዋል። ልጃቸው ስልኬ ሐሙስ ይላል ትላለች።»
«ማክሰኞ ነው የሚለው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»
«እኔም በስልኬ ከፍቼ አየሁት። ሐሙስ ይላል።»
ሐሙስ የጥርሱ ነው። የዓይን ሐኪሙ በወር አንዴ ብቻ ይመጣሉ... የአዛውንቱ ስም ዘይኑልአቢዲን። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙ እየደከመ ነው።

ኅዳር 5
ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ረውዳ ጋ። ይህን ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ገጹን በስልኳ ከፈተችው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ስሞቹ ሁለት መስመር ሆነው ሳጥኖቹን ወደ ታች ገፍተዋል። ቀኖቹ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቁም። የጥርሱ ሐሙስ የዓይኑ ሳጥን ላይ ቆሟል።
«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ግድግዳ ላይ ነህ?»
«ልኬቱ ትክክል ነው።»
«ከምን ተለክቶ?»
«ከገጹ አናት።»
«ሳጥኑን ሪላቲቭ በለው። ያኔ ቀኑ ከሳጥኑ ጥግ ይለካል፤ ሳጥኑ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ወላሂ፣ አስተምሬህ ነበር!»
አስተምራኛለች። ያለሱም ላፕቶፑ ላይ ስላማረልኝ ተውኩት። አንድ መስመር... ማረሙ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ኅዳር 13
ገጹን ዛሬ ስንቴ ከፈትኩ? ሻይ ቤት የተቀመጠውን ሁሉ ስልክ እየለመንኩ አየሁ። ማክሰኞ ዓይኑ ጋ ነው። የአዛውንቱ ቀኝ ዓይንስ ሐኪሙ እስኪመለሱ ይቆያል?

ኅዳር 27
ቦሩ ሜዳ ልሂድ? ሄጄስ ምን ልል?

ታኅሣሥ 7
ማክሰኞ። በጠዋት ኮምቦልቻ ወረድኩ። አዛውንቱ ከልጃቸው ከጣይባ ጋር በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ናቸው።
«አባቴ፣ ባለፈው በከንቱ ያስመጣሁዎት እኔ ነኝ።»
ወደ ድምፄ ዞሩ።
«ሐሙስ ያልከኝ?»
«አዎ።»
«ያን ሐሙስ ብትመጣ ፊትህን አየው ነበር።»
ሲጠሩ ግን ክንዳቸውን ለእኔ ሰጡኝ።
ሐኪሙ በባትሪ አዩአቸው። «ባለፈው ወር ቢሆን ይሻል ነበር። የቀረውን ለማትረፍ እንሞክራለን።»
ስንወጣ ቆም አሉ።
«አግዳሚው ስንት እርምጃ ነው?»
«ከእርስዎ ዘጠኝ።»
አብረን ቆጠርን።