ራሳቸው ኢንሹራንስ ለሆኑት አከራዬ

ለተከበሩ አከራዬ፣
የኢንሹራንስ ኩባንያው የካሣ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከጣራዎ ላይ ስለወደቀው አናጢ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በፊት ለፊቱ ግቢ የተከሏቸው አበቦችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለዳሌዎ ጤና ይስጥልኝ፤ ዳሌ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከሰሞኑ ስለገባኝ ነው።

እኔ ከግቢዎ በስተኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት፣ በበርዎ ስር ላስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ለመስጠት ጊዜ ስላጡ፣ ምናልባት ሌላ ሰው አንብቦ ቢነግርዎ ብዬ ነው። ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም እርስዎ ከቢሮ በለመዱት መንገድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ዝናብ በጣለ ቁጥር ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለው ጣራ ሲያፈስ፣ ባልዲ እንድገዛ ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ባልዲ ሲያስፈልገኝ ደግሞ ከራስዎ ቤት አውሰውኛል፤ ይህን ደግነትዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው።

2. ጣራው ማፍሰስ በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ ዘንድሮ፣ እንዲጠገን በወሰኑ ጊዜ፣ መጀመሪያ የመጣው ሥራ ተቋራጭ ፈቃዱንና የሠራተኞቹን የኢንሹራንስ ወረቀት በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ ቀርቦ፣ ዋጋው ከፍ ያለው ሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ስላላቸው መሆኑን በትሕትና አስረዳዎት። ቀኑን ሙሉ ሰውን «ኢንሹራንስ የሌለው ሠራተኛ ለምን አስገባህ?» እያሉ ፋይል ሲዘጉ የሚውሉት እርስዎ፣ ይህን ሰው ከደጅ መልሰው በምትኩ ከመንገድ ዳር ሥራ ሲጠብቅ ያገኙትን አናጢ ይዘው መጡ። አናጢው መሰላሉ ስር ቆሞ «ጌታዬ፣ ብወድቅስ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ምን አሳሰበህ? እኔ ራሴ ኢንሹራንስ አይደለሁም እንዴ!» አሉት። ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ በመስኮት ሆኜ ሳቅኩ።

3. ረቡዕ ረፋድ ላይ የበሰበሰው ማገር ከእግሩ ስር ተሰብሮ፣ አናጢው ከነቆርቆሮው ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። የተዘረጋው ለሙሽራ ቀሚስ የመጣ ነጭ ጨርቅ ነበር። የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቅቶት እያለ፣ ጨርቁን እንዳያቆሽሽብኝ ጫማውን ለማውለቅ ሲታገል ነበር። ዳሌው ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ መሰላል መውጣትን እንዲረሳ ነግረውታል። የሆስፒታሏ መዝጋቢ ኢንሹራንስ እንዳለው ስትጠይቀው፣ አላመነታም፣ የእርስዎን ስም ከነስልክዎ ሰጣት። ሲደወልልዎ «ተሳስታችኋል» ብለው መዝጋትዎን ነገሩን። እርግጥ ነው፣ አናጢው ተሳስቶ ነበር፤ አንድን ሰው በቃሉ አምኗል።

4. በማግስቱ ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ ሆስፒታል ሳይሆን እኔ ደጅ በመምጣትዎ ክብር ተሰምቶኛል። ይዘውት የመጡት ወረቀት አናጢውን የቀጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እርስዎ ምንም እንደማያውቁ፣ ለሕክምናውም ለሚቀርበት እንጀራም ተጠያቂዋ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ይገልጻል። አንዲት ልብስ ሰፊ ተከስሳ አናጢው ምን እንደሚያገኝ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ምንም። ዓይንዎን በጨው አጥበው «ፈርሚያት እህቴ፣ ለፎርማሊቲ ነው» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እህቴ ያሉኝ የዚያን ዕለት ብቻ ነው። እኔም መነጽሬ ስለተሰበረ ነገ አስነብቤ እንደምፈርም ነግሬዎት ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ። መነጽር አድርጌ አላውቅም፤ ኑሮዬ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ነው።

5. ወረቀቱን በእርጋታ ሳነበው፣ ውሉ ከሥራው በፊት የተደረገ እንዲመስል የሰኞን ቀን ጽፈውበታል፤ ፊርማዎም ከቀኑ አጠገብ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን «ረቡዕ ዕለት ከጣራ ላይ ወድቆ ዳሌው ለተሰበረው አናጢ» ይላል። ሰኞ ዕለት የረቡዕን አወዳደቅ፣ የሚሰበረውን አጥንት ጭምር ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል ካወቁ ምነው ከስሩ ፍራሽ ቢያነጥፉለት! ዳቦ ቤቱ የተቃጠለበትን ጎረቤታችንን የውሉ ጊዜ በአንድ ቀን አልፏል ብለው ባዶ እጁን እንደሸኙት በረንዳዎ ላይ እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ቀን ማንበብን ከእርስዎ ስለተማርኩ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን የሆዴን ልናገር። ጥርሴን ነክሼብዎታለሁ። በጣራው አይደለም፣ በባልዲውም አይደለም፤ ያ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ለእኔ ጨርቅ ሲጨነቅ እርስዎ ለእሱ ስላልተጨነቁ ነው። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት የአናጢው ባለቤት ለያዘችው ጠበቃ አስረክቤያለሁ። መሰላሉ ስር ያሉትን ቃል በፍርድ ቤት እመሰክራለሁ፤ ከደጅ የመለሱት ሥራ ተቋራጭም አቃፊውን ይዞ ከጎኔ ይቆማል። ለኩባንያዎ ዋና ሥራ አስኪያጅ የወረቀቱን ቅጂ ያስገባሁት በራስዎ ክፍል መስኮት ሲሆን፣ ጸሐፊዎ ማኅተም መትታ የገቢ ቁጥር ሰጥታኛለች። በጣም ሥርዓት ያላት ልጅ ናት።

ቤቱን እንድለቅ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያም ደርሶኛል። ቀኑን ደጋግሜ አየሁት፤ በዚህኛው ላይ ተጠንቅቀዋል።

ለዘጠኝ ዓመት ካስተማሩኝ ትዕግሥት የተረፈችውን እየመለስኩ፣ በፍርድ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ በሰላም እንድንገናኝ የምመኝ፣

የኋላ ቤት ተከራይዎ
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለአናጢው፣ ሆስፒታል አልጋው ድረስ
ዳቦ ቤቱ ለተቃጠለበት ጎረቤታችን

ማስታወሻ፦ ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው፤ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። የአናጢው መዶሻ እዚያው ጣራ ላይ ቀርቷል፣ መሰላሉንም ከተደገፈበት አላነሳሁትም። ሌላ ሰው በመቅጠር አይድከሙ፤ ራስዎ ወጥተው ይጠግኑት። ብወድቅስ ብለው ደግሞ እንዳይሰጉ፤ እርስዎ ራስዎ ኢንሹራንስ ነዎት።