የአካለ ወልድ ኮምፒውተር

ታዘበው፣

የወንድምህ የአካለ ወልድ የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ኮምፒውተሩን ከልብሱ ጋር ለደብሩ ሰጠኸው። «ለነፍሱ ይሁነው» አልከኝ። ክፉ እንዳላሰብክ አውቃለሁ። ግን እኔ ጓደኛው ብቻ ብሆንም፣ ሦስታችንም አንድ ቤት ነበር የኖርነው። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ሌላ ኮምፒውተር ልገዛ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሄጃለሁ። አካለ ወልድ የጀመረውን፣ የክረምቱ ጎርፍ የቢቸናን ማሳ የት የት እንደሚሸረሽር የሚያሰላውን ሥራ፣ ከሀ ልጀምረው ነው። እዚያ ያለውን ባለሱቅ በስልክ «ራሙ ትልቅ የሆነ ኮምፒውተር አለህ?» ስለው «ለጌም ነው?» አለኝ። «ለጎርፍ ነው» አልኩት። አካለ ወልድ ቢሰማ እንዴት ይስቅ ነበር።

አጠገቡ አስቀምጦ ሲያሳየኝ «ስክሪኑ አያታልህ፤ ስሌቱ መሀል መንገድ የሚቆመው ራም፣ ሲያሰላ ቁጥሩን የሚይዝበት ቦታ፣ ሲያንሰው ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የሚያምረውን ትቼ፣ ራሙ ሰፊ፣ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ የሆነውን፣ ሌት ተቀን ሲሠራ ቢውል ግሎ የማይጠፋውን እመርጣለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።
ጓሮ ያለውን የዝናብ መለኪያ ጠዋት ጠዋት እያየህ ጻፍልኝ። እሱ ታሞ እንኳ አላጓደለም።
እናትህ ፊት የተናገርኩህን
ተወው፣ ስመጣ እናወራለን።

ዓርብ ዕለት ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሥራውን ሁሉ አጥፍተው የሰበካ ጉባኤውን ደብዳቤ ይጽፉበታል።

ዘመነ