ያልወለቀው ጃኬት

ውድ እህቴ አሪየት፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነን። ባሮ ወንዝ ሞልቶ እንደገና ጎድሏል። እማ አልጋሽን ወደ እኔ ክፍል አስገብታዋለች፤ እኔ ግን አሁንም የምተኛው በድሮው አልጋዬ ላይ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ሰማያዊው ቦርሳሽ ነው። ሰዎች እንድታነቢላቸው የሰጡሽ የፊልም ድርሰቶች እስካሁን እዚያው ነበሩ። አንዱም ፊልም እንደማይሆን እናውቅ ነበር፤ ካሜራ ያለው ሰው የለማ። አንቺ ግን «የሚቀርጽላቸው ባይገኝ እንኳ አንብቦ የሚመልስላቸው ሰው ይኑር» ትይ ነበር። ከቢሮ ስትወጪ ይዘሽኝ ወንዙ ዳር ትወርጃለሽ። የወንዶቹን ንግግር እኔ፣ የሴቶቹን አንቺ ጮክ ብለን እናነባለን፤ ከዚያ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አስተያየትሽን ትጽፊያለሽ። አማርኛቸውን አታርሚም። «አማርኛ ለሁላችንም ሁለተኛ ቋንቋችን ነው፤ መጀመሪያ ምን ሊል እንደፈለገ እንይ» ትይኝ ነበር።

ጃኬቱ ትዝ ይለኛል። ሁሉም ያዩት ፊልም አዲስ አበባ የተሠራ ስለሆነ የጋምቤላውን ሰውዬ ሳይቀር ጃኬት ያለብሱታል። በዚህ ሙቀት! አንቺም እየሳቅሽ ዳር ላይ «እባክህ ጃኬቱን አውልቅለት» ትጽፊያለሽ።

እማ ድርሰቶቹን ለየባለቤቶቻቸው መልስ አለችኝ፤ መለስኩ። አንዱ ብቻ ምንም አልተጻፈበትም። ሆስፒታል ልትገቢ ስትይ የተቀበልሽው፣ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ አጠገብ የሚኖረው የጋትሉዋክ ድርሰት ነው። ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ «ምን አለች?» ሲለኝ «በጣም ወዳዋለች» አልኩት። ፊቱ በራ። «የቱን ቦታ?» አለኝ። አስተያየቷን ፈልጌ ቅዳሜ እሰጥሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

እስክሪብቶሽን አንስቼ በአንቺ የእጅ ጽሑፍ «ጎበዝ» ብዬ ልጽፍ ነበር። እችልበታለሁ፤ የትምህርት ቤት ፈቃድ ወረቀቴ ላይ ስንቴ በስምሽ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬ ልናዘዝልሽ። ግን እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ሳታነቢ አንድ ቃል ጽፈሽ አታውቂም።

ስለዚህ ወንዙ ዳር ወርጄ ሁሉንም ብቻዬን አነበብኩት። የጠፋ ልጁን ከመጠለያ መጠለያ እየዞረ የሚፈልግ አባት ታሪክ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ጃኬት ለብሶ! ብቻዬን ሳቅሁ። ዞር ስል አንቺ የለሽም፤ አለቀስኩ። ከዚያ በራሴ የእጅ ጽሑፍ «እባክህ ጃኬቱን አውልቅለት» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ እውነቱን ነገርኩት፤ እሷ ሳታነበው ነው የሞተችው አልኩት። ወረቀቱን ገልጦ የጻፍኩትን አየና «አይወልቅም» አለኝ። «ሲለያዩ አባትየው እሱን ነበር የለበሰው። ልጁ ከሩቅ እንዲለየው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«ሁሉም ሰው የሚገባው መስሎኝ።»

እሱን ራሱን ጻፈው አልኩት። ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ትናንት አስተካክሎ አመጣው፤ ሌላም የጓደኛውን ድርሰት ጨምሮ።

እህቴ፣ አልረሳሽም። ቦርሳው ባዶ አይሆንም። የሴቶቹ ንግግር ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ያንቺ ተራ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታችን ላይ፣ አረንጓዴውን እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ከሩቅ እንድትለዪኝ።

ወንድምሽ